ማሽኑ በማስታወቂያ ላይ፣ ታካሚው በአልጋ ላይ

ጥያቄ፦ አባቴን ለሕክምና የወሰድኩት «እጅግ ዘመናዊ የኤምአርአይ መሣሪያ ያለው» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ወደ መረጥኩት ሆስፒታል ነበር። ሕንፃውም መሣሪያውም እንደተባለው ነው። ይሁን እንጂ በአራት ቀናት ቆይታችን የአባቴ ሕመም ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳን ሰው አልነበረም፤ ጠዋት የመጣው ሐኪም የነገረንን ማታ የመጣው አያውቀውም፤ ስንወጣም በእጃችን የነበረው የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ዋሽቶኛል ልበል ወይስ እኔ ነኝ የማይገባኝን የጠበቅሁት?

መልስ፦ ማስታወቂያው አልዋሸዎትም፤ የተናገረው ግን እርስዎ ከሚፈልጉት ስለ ተለየ ነገር ነው። ሐኪምና ተመራማሪ የነበሩት አቬዲስ ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ የሕክምናን ጥራት በሦስት ከፍለው ተመልክተውታል፤ አንደኛው ተቋሙ ያለው ነገር ነው፣ ማለትም ሕንፃው፣ መሣሪያውና ባለሙያው፤ ሁለተኛው በዚህ ሁሉ ለታካሚው የሚደረግለት ነው፤ ሦስተኛው ታካሚው በመጨረሻ ያገኘው ውጤት ነው። የሆስፒታል ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው አያልፍም። ማሽን ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ተረኛ ሐኪሞች ሲለዋወጡ የሚያደርጉት ርክክብ ግን አይነሣም፤ እርስዎም የተቸገሩት እዚያ ላይ ይመስላል።

ታካሚዎች ምን እንደሚሹ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። በአሜሪካ ተኝተው የታከሙ ሰዎች አስተያየት በአንድ ወጥ መጠይቅ እየተሰበሰበ፣ የየሆስፒታሉ ውጤት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል። መጠይቁ ሲዘጋጅ ታካሚዎችም ሐሳባቸውን ሰጥተውበታል። ነርሶችና ሐኪሞች በጥሞና ያዳምጡ እንደነበር፣ በሚገባ መንገድ ያስረዱ እንደነበር፣ አዲስ መድኃኒት ሲሰጥ ለምን እንደሆነ ይነገር እንደነበር፣ ክፍሉ ንጹሕ፣ ሌሊቱ ጸጥተኛ እንደነበር፣ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ሊጠነቀቁላቸው የሚገቡ ምልክቶች በጽሑፍ ተሰጥተው እንደሆነ ይጠይቃል። ስለ መሣሪያ ዘመናዊነት አንድም ጥያቄ የለበትም።

አንዳንድ የሆስፒታል ኃላፊዎች ይህን ሁሉ የመስተንግዶ ጉዳይ አድርገው ስለሚያዩት እንግዳ መቀበያውን በማሳመር ሊመልሱት ይሞክራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ታካሚን ማዳመጥ የምርመራው አንድ አካል ነውና። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ ጥናት 74 የሕክምና ቀጠሮዎችን መርምሮ፣ ታካሚው የመጣበትን ጉዳይ ሳይቋረጥ ተናግሮ የጨረሰው በ17ቱ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል፤ የተቋረጡትም በአማካይ 18 ሴኮንድ ያህል እንደተናገሩ ነበር። ሰው የሚያስፈራውን ሕመም አንደኛ አድርጎ አይናገርም፤ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ለመውጣት በሩን ሲይዝ ነው። ሳይደመጥ የቀረው ነገር ደግሞ የትኛውም ማሽን ውስጥ አይገባም፤ ማሽኑ የሚያየው ሐኪሙ እይ ያለውን ብቻ ነውና።

ሆኖም አንድ ነገር ላስጠነቅቅዎት። መልካም ንግግር ብቻውን ደኅንነት አይደለም፤ እጁን ሳይታጠብ የሚነካዎት ሰው ደግና ተጫዋች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አባትዎን እንደገና ማስተኛት ቢያስፈልግ ስለ መሣሪያው ከመጠየቅ ይልቅ ለአባትዎ በኃላፊነት የሚጠየቀው ሐኪም ማን እንደሆነ፣ ሌሊትስ ማን እንደሚተካው፣ ርክክቡም በጽሑፍ ይደረግ እንደሆነ ይጠይቁ። ጉዳዩ ቀዶ ሕክምና ከሆነ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሠሩ፣ ከመካከላቸውም ምን ያህሉ ታካሚ ቁስሉ እንዳመረቀዘበት ይጠይቁ፤ ውስብስብ በሆኑ ቀዶ ሕክምናዎች ልምድና ውጤት ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። መልሱን በቁጥር የማያውቅ ሆስፒታል አይከታተለውም ማለት ነው። የመውጫውን ቀን በተመለከተ የመድኃኒቶቹ ስም፣ አወሳሰዳቸው፣ የሚያሠጉ ምልክቶችና የሚደወልበት ስልክ በወረቀት ካልተሰጠዎት፣ እስኪሰጥዎት ድረስ መቀመጥ መብትዎ እንጂ ድፍረት አይደለም።

ጥያቄ፦ በአንድ ሆስፒታል የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ከላይ እንዳለው ያለ ቅሬታ እኛም ዘንድ ይመጣል፤ አለቆቼ ግን አዲሱን ሕንፃ አስተዋውቅ ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሕንፃውን ያስተዋውቁ፤ ከእሱ ሥር ግን ሊረጋገጥ የሚችል አንድ ቃል ኪዳን ይጨምሩ፦ ለምሳሌ ተኝቶ የሚታከም ሰው ሁሉ በየቀኑ ኃላፊ ሐኪሙን እንደሚያነጋግር። ከማተምዎ በፊት ግን ወረቀቱን ይዘው ወደ ተኝቶ ማከሚያ ክፍል ይሂዱና ለሌሊት ተረኛ ነርሶች ያንብቡላቸው። «ይህን ማድረግ አንችልም» ካሏችሁ፣ ለአለቆችዎ መቅረብ ያለበት የእነሱ መልስ ነው፤ ምናልባት ለማስታወቂያው የተመደበው ገንዘብ ሁለት ተጨማሪ ነርሶች ይቀጥር ይሆናል።