«ይወስዳሉ አይደል?»

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል ነበርኩ። መርፌውን ቶሎ ለመድኩት። መጠየቅን ለመልመድ ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

አንዲት እናት ነበሩ። የካቲትና መጋቢት ላይ ግፊታቸው አልወርድ አለ። በመጡ ቁጥር «መድኃኒቱን ይወስዳሉ አይደል?» እላቸዋለሁ። «አዎ ልጄ» ይላሉ። ካርዳቸው ላይ «ይወስዳሉ» ብዬ እጽፋለሁ። ሐኪሙም ያንን አይቶ መጠኑን ጨመረላቸው።

አንድ ቀን ወረፋው ቀለል አለ። «እስቲ የትናንት ውሎዎን ከጠዋት ጀምረው ያጫውቱኝ» አልኳቸው። ለካ ሁዳዴ ነው! እስከ 9 ሰዓት ውኃም አይቀምሱም። ክኒኗ «ጠዋት» ተብላ ስለታዘዘች፣ ጠዋት ካለፈ የማትዋጥ መስሏቸው ትተዋታል። እኒህ እናት አልዋሹኝም። «አይደል» ስል መልሱን ራሴ አቀብያቸው ነበር፤ እሳቸውም እንዳያሳፍሩኝ ተቀበሉኝ። ከሐኪሙ ጋር ተመካክረን ሰዓቱን ወደ ማታ አዞርነው፤ የተጨመረውም መጠን ተነሣላቸው።

የእኛ ቋንቋ በዚህ በኩል ጥንቃቄ ይፈልጋል። «እንዴት ነህ?» ሲሉት ክፍት ጥያቄ፣ ማለትም ሰው በራሱ ቃል የሚመልሰው ይመስላል፤ መልሱ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ ያመመውም እንደዚያው ይላል። «ለምን አልመጣሽም?»ም ክፍት ነው፤ ግን ቁጣ አለበት፣ አፍ ያስይዛል። «ምን አጋጠመሽ?» ስትሏት ትናገራለች።

አዎ ወይም አይ የሚያስብለውን ዝግ ጥያቄ ግን አትናቁት። ደረቱን ይዞ ላብ ያጠመቀውን ሰው «አጫውተኝ» አይባልም። «አሁን ያምሃል? ወደ ክንድህ ይወርዳል?» ነው የሚባለው። ፔኒሲሊን ከመውጋቴ በፊትም «ከዚህ በፊት ተወግተው አሳክኮዎት ወይም አብጠው ያውቃሉ?» ሳልል አልፌ አላውቅም። ጊዜ ካለ ግን በክፍቱ ጀምሩ፣ የጎደለውን በዝጉ ሙሉት።

ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ታገሡ። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 74 የሕክምና ጉብኝቶችን በድምፅ ቀድተው አጥንተው ነበር። ሐኪሞቹ ታካሚውን ያቋረጡት በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ነው። የእኔዋ እናት ውሏቸውን ስጠይቃቸው መጀመሪያ ዝም አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ እያሻሹ ቆዩ። ያን ቀን ውጭ ወረፋው ረጅም ቢሆን ኖሮ፣ ሳይናገሩ «የሚቀጥለው!» እል ነበር።