የኑኃሚን አደራ

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ከባድ ሕመም እንዳለብኝ ሐኪሞች ከነገሩኝ ወራት አልፈዋል። በእህቶች ኅብረት ላይ አንዲት አገልጋይ ኑኃሚን ሴገር ስለምትባል እናት አስተማረችን። ወደ አሜሪካ ምዕራብ ስትሰደድ በመንገድ ላይ ሰባት ልጆቿን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥታ እንደሞተች፣ ልጆቹንም የወንጌል መልእክተኞች ወስደው እንዳሳደጓቸው ነገረችን፤ ሁላችንም «አሜን» አልን። በኋላ ታሪኩን ፈልጌ እስከ መጨረሻው ሳነብ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ አሳዳጊዎቹ ከሁለቱ ወንዶች ልጆች ጋር እንደተገደሉ አገኘሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጸለይ ከብዶኛል። እግዚአብሔር የእናቲቱን አደራ አልጠበቀም ማለት ነው? እኔስ ስለ ልጆቼ ማልቀሴ አለማመን ይሆን?

መልስ፦ እህቴ ሆይ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው በማንበብሽ አልወቅስሽም። ወቀሳው የሚገባው ለእኛ ለአስተማሪዎች ነው። ምስክርነት «አሜን» የሚያሰኝበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆርጠን የመተው ልማድ አለብን። ሰሚው የቀረውን ብቻውን ሲያገኘው በእኛ ላይ ሳይሆን በእግዚአብሔር ላይ ያዝናል። ስለዚህ የተቆረጠውን አብረን እናንብበው።

ኑኃሚንና ባሏ ሄንሪ፣ ገበሬና ብረት ቀጥቃጭ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 ጸደይ ከሚዙሪ ተነሡ። ሄንሪ አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንለት ሰው ነበር፤ ከዚያ በፊትም ቤተሰቡን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲያዘዋውር ኖሯል። ወደ ኦሪገን የመሄዱን ሐሳብ ግን ኑኃሚንም ወደደችው፤ የአገሩ አየር ለጤና ተስማሚ ነው ሲባል ሰምታ ነበር። በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን መንገድ ስትጀምር ስድስት ልጆች ነበሯት፣ ሰባተኛዋን አርግዛለች። ሕፃኗን ግንቦት መጨረሻ ላይ በጉዞው መካከል ወለደች። ጥቂት ቆይቶ ሠረገላው ተገልብጦ እርሷን ጎዳት። ከዚያ የዘጠኝ ዓመቷ ካትሪን ከሚሄደው ሠረገላ ልትወርድ ስትዘል ቀሚሷ ያዛትና መንኮራኩሩ እግሯን ሰበረው።

በነሐሴ ሄንሪ በትኩሳት ታመመ። መሞቱ እንደማይቀር ሲያውቅ አለቀሰ፤ የጉዞው መሪ ካፒቴን ሾው ሊጠይቀው ሲመጣ ቤተሰቡን እንዲረከብለት ለመነው። ኑኃሚን ከእርሱ በኋላ አንድ ወር እንኳ አልቆየችም። ዕድሜዋ 40 አልሞላም ነበር።

ስለ መጨረሻዎቹ ቀኖቿ የምናውቀው ያቺው እግሯ የተሰበረው ካትሪን ካደገች በኋላ ከጻፈችው ትዝታ ነው። አቧራው እንዳያፍናት በሠረገላው አፍ ላይ አንሶላ ተወጥሮላት ነበር። መንገዱ ሲያንገጫግጫት ቀኑን ሙሉ ታቃስታለች። ሕፃኗን የጉዞው ሴቶች እየተቀባበሉ ይዘዋል። ማታ ሠረገላዎቹ ሲቆሙ እነዚያው ሴቶች ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ተጉዘው፣ የራሳቸው ልጆች እየጠበቋቸው፣ መጥተው ከፊቷ ላይ አቧራውን ያጥቡላት ነበር። ከታሪኩ ሁሉ ይህን ክፍል ከልቤ ማውጣት አልቻልሁም።

አሁን ልብ በዪ። አገልጋይዋ «ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥታ ሞተች» ብላችኋለች። እናቲቱ እንዲህ አልጸለየችም አልልም። ልጅቱ የመዘገበችው አደራ ግን ለሰው የተሰጠ ነው። ከጉዞው ጋር የነበረውን ጀርመናዊ ሐኪም ጠርታ ልጆቿን እንዲጠብቅላትና በዋላ ዋላ ሸለቆ ወደሚኖሩት ሚስዮናውያን፣ ወደ ዶክተር ማርቆስ ዊትማን ቤት፣ እንዲያደርስላት ለመነችው። የመጨረሻ ቃሏም የድል መዝሙር አልነበረም። የሞተውን ባሏን እየጠራች ነበር፤ ምን ያህል እንደተሠቃየን ባወቅህ ኖሮ፣ አለችው። በማግስቱ ከመንገዱ ዳር ቀበሯት። ጉድጓዱ ውስጥ የአኻያ ቅርንጫፍ አነጠፉላት፣ ሬሳዋንም በአኻያ ሸፈኑት፣ አፈር መለሱበት፤ ጉዞውም ቀጠለ።

ስለዚህ ማልቀሴ አለማመን ነው ወይ ብለሽ ስትጠይቂ እኔም እጠይቅሻለሁ፤ ይህችን ሴት «እምነት አነሳት» ልትያት ትችያለሽ? እኔ አልችልም። ስሟን የወረሰችላትን ኑኃሚንን አስቢ፤ እርሷም በባዕድ ምድር ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ፣ «ሁሉን የሚችል አምላክ አስመርሮኛልና ማራ በሉኝ እንጂ ኑኃሚን አትበሉኝ» ብላለች። በመጽሐፈ ሩት ውስጥ ስለዚህ ቃል የገሠጻት የለም፣ እግዚአብሔርም አልገሠጻትም። ምሬቷ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳለ ተጽፎ ቀረ። አንቺም አልቅሺ። ጸሎት ሲከብድሽ ልቅሶሽን ይዘሽ በፊቱ ተቀመጪ፤ እርሱ ቋንቋውን ያውቀዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልመለስ። ሐኪሙና ካፒቴኑ አደራ አልበሉም። ሰባቱም ልጆች በሕይወት ከዊትማን ቤት ደረሱ። ካትሪን እንደጻፈችው ትልቁ ጆን በጋሪው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ፍራንሲስ በመንኮራኩሩ ላይ እጁን፣ በእጁም ላይ ራሱን አሳርፎ ይንሰቀሰቃል፤ እህቶቻቸው ባዶ እግራቸውን ቆመዋል። ከቤት የወጣችላቸው ናርሲሳ ዊትማን አንድያ ልጇን አሊስን እ.ኤ.አ. በ1839 ከቤታቸው አጠገብ በሚያልፈው ወንዝ ሰጥማ ያጣች እናት ነበረች፤ ልጅቱ ገና ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ነበር። ይህች ሴት ሰባቱንም ተቀበለች። በረሃብ የተጎሳቆለችውን ሕፃን በተለይ ፈለገቻት። አጠበቻቸው፣ አለበሰቻቸው፣ የቅዱስ ቃሉን ጥቅስ በቃል አስጠናቻቸው። ጥብቅ ነበረች፤ ግን እናት ሆነቻቸው። ሦስቱ ዓመታት እውነተኛ ነበሩ፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣው አይሰርዛቸውም።

የመጣውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ከስደተኞች ጋር ኩፍኝ ገባ። የአገሩ ባለቤቶች የሆኑት የካዩስ ሕዝብ በሽታውን የሚቋቋም አካል አልነበራቸውም። ግማሽ ያህላቸው እንዳለቁ ይነገራል፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በዶክተሩ መድኃኒት የነጮቹ ልጆች ሲድኑ የእነርሱ ሲሞቱ አዩ፤ መርዟል የሚል ወሬ ተነዛ። በየዓመቱ የሚጎርፈው ስደተኛ ምድራቸውን እየወሰደባቸውም ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር ኅዳር 29 እና በተከታዮቹ ቀናት ዊትማንን፣ ናርሲሳን፣ ጆንንና ፍራንሲስን ጨምሮ ከአሥር በላይ ሰዎች ተገደሉ። የወንዶቹ ትንሽ እህት ሉዊዝ ከቀናት በኋላ በምርኮ ሳለች በኩፍኝ ሞተች። ይህን ታሪክ «አረመኔዎች አገልጋዮችን ገደሉ» ብሎ የሚያስተምር ሰው ካጋጠመሽ አትቀበዪው። ግድያው ኃጢአት ነው። በዚያ ወር ግን ልጆቿን በተራ በተራ የቀበረች የካዩስ እናትም ነበረች፣ የእርሷንም እንባ የቈጠረ አምላክ አንድ ነው።

ታዲያ አደራው? ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በሁለተኛው መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ያመንሁትን አውቃለሁና፥ የሰጠሁትንም አደራ እስከዚያ ቀን ድረስ ሊጠብቅ እንዲችል ተረድቼአለሁ።» ይህን ሲጽፍ እስር ቤት ነበር፣ ሞቱም እንደቀረበ በዚያው መልእክት ይናገራል። እግዚአብሔር ከሰይፍ ይጠብቀኛል ማለቱ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ባፈረ ነበር። «እስከዚያ ቀን» ያለው ጌታ የሚገለጥበትን ቀን ነው። አንድ ሰው አደራ ሲቀበል ዕቃው እስኪመለስ ድረስ ነው የሚጠየቀው፤ የጆንና የፍራንሲስ መመለሻ ደግሞ የ1847 ኅዳር አይደለም። ልጆችሽን ለእርሱ ስትሰጪ ክፉ ቀን አይነካቸውም የሚል ውል አልተፈራረምሽም። ሞት ከእጁ እንደማይነጥቃቸው ግን ቃል አለሽ። ይህ ለአንቺ ዛሬ ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል፣ አውቃለሁ። እኔ የማውቀው ተስፋ ይህ ነው፤ ሌላ የሚያባብል ቃል ፈጥሬ ልሰጥሽ አልፈልግም።

አራቱ ሴቶች ልጆች ተርፈው በሌሎች ቤተሰቦች እጅ አደጉ። ካትሪን አንድ ሰባኪ አግብታ ልጆች ወለደች፣ እስከ 1910 ኖረች። የእናቷን ፊት ያጠቡትን ሴቶች ያልረሳችልን እርሷ ናት።

በተግባር ስለምታደርጊው ደግሞ ጥቂት ልጨምር። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን «አብ ያውቃታል» ብሎ ብቻ አልተዋትም፤ ዮሐንስን አይቶ «እናትህ እነኋት» አለው። አደራ የሚቀበል ሰው በስም ጠራ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፤ ይህ ሞትን መጥራት አይደለም፣ ተስፋ መቊረጥም አይደለም። ለልጆችሽ የምታምኛትን እህት ወይም ዘመድ መርጠሽ ፊት ለፊት ጠይቂያት፣ እሺታዋንም ከአንደበቷ ስሚ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይወቁት፤ ኑዛዜሽንም ሕግ በሚያውቅ ሰው ርዳታ በጽሑፍ አስፍሪ። ለታላቁ ልጅሽ መታመምሽን በልኩ ንገሪው፤ ልጆች ያልተነገራቸውን በራሳቸው ያሰላሉ፣ ስሌታቸውም ከእውነቱ የከፋ ይሆናል። ሕክምናሽን «በእምነት» አቋርጪ የሚልሽን ሰው አትስሚ። ስለ ፈውስሽም መጸለያችንን አናቆምም።

የኅብረቱ እህቶችም ይህን ካነበባችሁ፣ ታሪኩን ሰምታችሁ «አሜን» ብላችኋል። ይህች እህታችሁ ከሕክምና ስትመለስ ማን ምግብ ይሠራላታል? ልጆቿን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣል? በዚህ ሳምንት ተነጋገሩበት።

አንቺ ግን የሚቀጥለውን የሕክምና ቀጠሮሽን ቀንና የልጆችሽን ስም ላኪልኝ። በዚያ ቀን ከባለቤቴ ጋር ጾመን በስማቸው እንጠራቸዋለን።