ድሬዳዋ ላይ ማስተማር ለምትጀምሩ

ሰላም ልጆቼ። ዕድሜዬን ድሬዳዋ ውስጥ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የተመደባችሁትን አንድ ነገር ልለምናችሁ።

የድሬ ልጅ አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ ይማራል። ልጅ በእናቱ ቋንቋ ፊደል መቁጠሩን ሁሌም እደግፋለሁ። ዘጠነኛ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ክፍል ይገናኛሉ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ወረቀቱን ካያችሁ ሁሉም እኩል ነው የሚጀምረው።

ክፍል ውስጥ ግን እንግሊዝኛው ሲከብድ መምህሩ ሳይታወቀው ወደ አማርኛ ይዞራል። ምሳሌው በአማርኛ፣ ቀልዱ በአማርኛ፣ «ገባችሁ?» የሚለውም በአማርኛ። ግማሹ ክፍል ይስቃል። ከገጠር ቀበሌ በሶማሊኛ ተምሮ የመጣው ልጅ ደብተሩ ላይ ያቀረቅራል። ከወር በኋላ «ዝምተኛው» ይባላል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ «ሰነፉ»። ያ ልጅ እኮ ሒሳብ ላይ አንደኛ የነበረ ነው! ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር።

አማርኛ አትናገሩ አልልም። ከበድ ያለ ነገር ስታስረዱ ግን ቀድሞ የገባው ልጅ ለጓደኞቹ በሶማሊኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ እንዲደግመው ሁለት ደቂቃ ስጡት። እናንተ ባትሰሙት ችግር የለውም። «ምንድን ነው የምታወሩት?» ብላችሁም አትቆጡ። ዋና ዋና ቃላቱን ልጆቹ ራሳቸው ሰሌዳው ጥግ ላይ በየቋንቋቸው ይጻፉ። የቡድን ሥራ ሲኖር «ከፈለጋችሁት ጋር ሁኑ» አትበሉ፤ ከድሮ ክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ነው የሚቧደኑት። እናንተ ደልድሏቸው፤ በየጊዜውም ቀያይሯቸው።

የፈተና ፕሮግራም ስታወጡ ጾሙን እዩ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ነበር። በድሬ ሙቀት የጾመ ልጅ ከሰዓት ቁጭ ብሎ መፈተን ይከብደዋል፤ ጠዋት አድርጉት። ስፖርቱንም እንዲሁ።

ኅዳር 29፣ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ በባህል ልብስ ሲጨፍሩ ደስ ይላል። በሌላው ቀን ግን «እናንተ ጋ እንዲህ ነው አይደል?» እያላችሁ ልጁን የሕዝቡ ቃል አቀባይ አታድርጉት። ገና የ15 ዓመት ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ የስም ዝርዝሩን አውጡና አንዴም እጃቸውን ያላወጡትን ምልክት አድርጉባቸው። አንደኛ ደረጃን በምን ቋንቋ እንደተማሩ ጠይቁ። አብዛኞቹ ከአንድ ቋንቋ የመጡ ከሆኑ የሚቀጥለውን ምዕራፍ እነሱን እያሰባችሁ አዘጋጁ።