ከኦፕራሲዮን በፊት ስራብ ልጄም ይራባል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሁለተኛ ልጄን በኦፕራሲዮን እንድወልድ ቀን ተቆርጦልኛል፤ አሥር ቀን ቀርቶኛል። በመጀመሪያው ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ እንዳልቀምስ ተነግሮኝ ነበር። ተራዬ እስከ ከሰዓት ስለዘገየ ራሴን አዞረኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። አሁን እህቴ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚጠጣ የካርቦሃይድሬት መጠጥ ገዝታልኛለች። ከመራብ እሱን መጠጣት አይሻልም? በ26ኛው ሳምንት ስኳርሽ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ምርመራውን ድገሚ ተብዬ ነበር፤ ደህና ስለሆንኩ አልተመለስኩም።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ መጠጡ ነው። ያስጨነቀዎት ግን ሌላ ይመስለኛል፤ ያን ቀን እርስዎ ሲንቀጠቀጡ ልጅዎ ሆድዎ ውስጥ አብሮ የተራበ መስሎዎታል፣ አሁንም እንዳይደገም ፈርተዋል።

ይረጋጉ። እናት ለጥቂት ሰዓታት ምግብ ብታቆም ጉበቷ ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ልጁም ድርሻውን በእንግዴ ልጁ በኩል ያገኛል። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ሰውነት ከሌላው ጊዜ ፈጥኖ ስብ ወደ ማቃጠል ይሻገራል፤ ውሃ ጥሙ ሲጨመርበት ማዞርና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ስቃዩ የእርስዎ ነበር። ያን ያህልም መቆየት አልነበረብዎትም።

ዛሬ የማደንዘዣ ሕክምና መመሪያዎች ምጥ ያልጀመራት ጤነኛ ነፍሰ ጡር ማደንዘዣ ከመሰጠቱ 2 ሰዓት በፊት ድረስ ጥርት ያለ ፈሳሽ እንድትጠጣ ይፈቅዳሉ፤ ለቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ቅባት ለበዛበት 8 ሰዓት ይጠብቃሉ። ጥርት ያለ ስል ውሃ፣ ወተት የሌለበት ሻይ፣ የተጣራ የፖም ጭማቂ ማለቴ ነው። ወተትና እርጎ፣ ዝቃጭ ያለው ጭማቂም፣ ከምግብ ይቆጠራሉ።

እህትዎ የገዙት መጠጥ ጉዳት ያለው ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ በ400 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይይዛል፤ ስኳር ለሌለባት ሴት ጥሙንና ረሃቡን ያስታግሳል። ከውሃ ይልቅ እናትንም ሆነ ልጅን በእጅጉ እንደሚጠቅም ግን አልተረጋገጠም።

እርስዎ ግን አይንኩት። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ምርመራውን ድገሚ ተብለው ሳይመለሱ ይህን ያህል ሳምንት ማለፍ ምን የሚሉት ነው? የእርግዝና ስኳር ሲጀምር አያምም፤ «ደህና ስለሆንኩ» የሚለው ምክንያት ለዚህ በሽታ አይሠራም። ስኳርዎ ከፍ ብሎ ከሆነ ያ ሁሉ ካርቦሃይድሬት በደምዎ በኩል ወደ ልጁ ያልፋል፣ የልጁ ቆሽት ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን ያበዛል፤ እትብቱ ሲቆረጥ ከእርስዎ የሚመጣው ስኳር ይቋረጣል፣ ኢንሱሊኑ ግን ይቀራል። ያኔ የሕፃኑ ስኳር ይወርዳል። ነገ ጠዋት ሄደው ይመርመሩ፤ መጠጡን ሐኪምዎ ሳይፈቅዱ አይክፈቱት።

አሁን ከመጠጡ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በኦፕራሲዮኑ ጠዋት «መጨረሻ የበሉት መቼ ነው?» ይባላሉ። ብዙ ሴቶች ንጋት ላይ የጎረሱትን ይደብቃሉ፤ አንዳንዶቹ ቁጣ ፈርተው፣ አንዳንዶቹ ቀጠሮው እንዳይዛወር። «ጉልበት ያስፈልግሻል» ብሎ በድብቅ የሚያጎርስ ዘመድም አለ። አደራ፣ ይህን አያድርጉ። በ1946 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ከርቲስ ሜንደልሰን በሙሉ ማደንዘዣ ሲወልዱ የጨጓራቸው ይዘት ወደ ሳንባቸው የገባባቸውን 66 እናቶች ዘግቦ ነበር፤ ሁለቱ የሞቱት ጠጣር ምግብ አንቋቸው ነው። ያ ጥብቅ የጾም ሕግ የመጣው ከዚህ ነው፤ ውሃንም እንደ ምግብ ቆጥሮ መከልከሉ ቢከፋም ስለ ምግብ የተፈራው ልክ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ከወገብ በታች ብቻ ስለሚደነዝዙ አደጋው በጣም ቀንሷል። ነገር ግን የወገቡ ማደንዘዣ አልሠራ ሲል ወይም ደም ሲበዛ ወደ ሙሉ ማደንዘዣ መሻገር ይኖራል። ያኔ ትን የሚለን፣ የሚያስለን መከላከያ አብሮ ይተኛል፤ በእርግዝና የጨጓራው አፍ ላልቷል፣ ማህፀኑም ከታች ይገፋዋል። የበሉትን ከተናገሩ ባለሙያው ጥቂት ሰዓት ያዘገየዋል፤ የማይዘገይ ከሆነም የጨጓራ አሲድ የሚያበርድ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ተዘጋጅቶ ይገባል። ከደበቁ ግን ሳያውቅ ይጀምራል። አንዲት ጉርሻም ብትሆን ይናገሩ፤ የሚቆጣዎት ቢኖር እንኳ ቁጣው ያልፋል።

ከቀጠሮው በፊት ምጥ ከጀመረዎት፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም ደም ካዩ ቀኑን አይጠብቁ። ምጥ የጨጓራን ሥራ ስለሚያዘገይ ምግብ ያቁሙ፤ የቀድሞው ስፌት ስላለ ሰዓት ሳያባክኑ ሆስፒታል ይግቡ።

ነገ ለስኳሩ ሲሄዱ ኦፕራሲዮኑ በስንት ሰዓት እንደሆነና ውሃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድልዎ በጽሑፍ ይቀበሉ። በዕለቱ ተራዎ ከዘገየ ዝም ብለው አይቀመጡ፤ ነርሷን ጠርተው «ውሃ ልጠጣ ወይ?» ብለው ይጠይቁ።