የፊሊፒኖ ተማሪዎች ጋ ብሄድ ፊት ይነሱኛል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩሲ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ልትዛወሪ ነው። ካምፓሱ ላይ የፊሊፒኖ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያካሂዱት የትራንስፈር ድጋፍ አለ፣ አንቺ ደግሞ ሐበሻ ነሽና ፈራሽ። ፊት አይነሱሽም፣ ሂጂ። እኔም በሩ ላይ ባንዲራቸውን አይቼ «የእኔ ቤት አይደለም» ብዬ ስድስት ሳምንት ሙሉ አልፌዋለሁ። ምን እንዳስከፈለኝ ልንገርሽ።

1. የመጀመሪያው ኳርተር ላይ ኮርስ አታብዢ። አንቺም እንደ እኔ እየሠራሽ ነው የምትማሪው ብዬ ነው። ኮሌጅ እያለን ሴሚስተር ነበር፣ አራት ወር ገደማ። ዩሲዎቹ ግን ከበርክሌይና ከመርሴድ በቀር በኳርተር ነው የሚሄዱት። 10 ሳምንት ተምረሽ ፋይናል ነው። ክፍሉን እንኳን ሳትለምጂ ሚድተርም ይመጣል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ኦረንቴሽን ላይ ያገኘሁት አማካሪ ወረቀቴን ሁለት ደቂቃ አየና «ውጤትህ ጥሩ ነው፣ አራቱንም ትችላለህ» አለኝ። ኬሚስትሪ፣ ካልኩለስ፣ ባዮሎጂና የጽሑፍ ኮርስ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ፓርኪንግ እሠራ ነበር።

አራተኛው ሳምንት ላይ ሦስት ሚድተርም ተደራረበብኝ። ሁለቱን ወደቅሁ። ወደ አማካሪዎቹ ቢሮ ስሄድ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ኮርስ ድሮፕ ማድረጊያው ቀን አልፏል፣ ዌብሳይቱ ላይ ተጽፏል» አለችኝ። የ27 ዓመት ሰው፣ አገር ቤት እናቴን የማስተዳድር፣ ሰልፍ ፊት እንደ ሕፃን ገሠጸችኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

2. ቢሮውን ሳይሆን አምና የተዛወረውን ተማሪ ጠይቂ። የላብ ጓደኛዬ ፊሊፒኖ ነበረች፣ እሷም ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የመጣች። ፊቴን አይታ ያንን ሳልፈው የነበረውን የፊሊፒኖዎቹን ክፍል ጎትታ አስገባችኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ጥግ ላይ ሩዝ ማብሰያ፣ ጠረጴዛው ላይ በፎይል የተሸፈነ ፓንሲት፣ የእነሱ ኑድል። ታላቅ እህትን «አቴ»፣ ታላቅ ወንድምን «ኩያ» ይላሉ፣ እኛ እትዬና ጋሼ እንደምንለው። ከየት ነህ ያለኝ የለም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «በልተሃል?» ብለው ነው።

አንዷ አቴ የአራቱንም ኮርስ ስላበስ፣ የፈተናው ቀን ሁሉ ያለበትን ወረቀት፣ ተቀበለችኝ። ሰሌዳው ላይ 10 ሳምንቱን አሰመረችና ፈተናዎቹን በቀይ ጻፈች። አራተኛው ሳምንት ላይ ቀዩ ተከምሮ ሳየው እንባዬ መጣ። በመጀመሪያው ቀን አይቼው ቢሆን ኖሮ! ኬሚስትሪ አልተረፈም፣ ጂፒኤዬም ከ2.0 በታች ወርዶ ፕሮቤሽን፣ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ገባሁ። ሌሎቹን ሦስቱን ግን እዚያች ክፍል እያመሸሁ በሲ አዳንኳቸው። ለቀጣዩ ኳርተር 12 ክሬዲት ብቻ አስያዘችኝ፣ ለሙሉ ጊዜ ተማሪነት እሱ ይበቃል።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር ትናንት የተጀመረ አይደለም። ዩሲኤልኤ፣ የዩሲ የሎስ አንጀለሱ ካምፓስ፣ ያለው ማኅበራቸው፣ ሳማሃንግ ፒሊፒኖ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ አለ። እዚያ ማስጠናቱም ማማከሩም ተማሪው ራሱ በድምፅ ባጸደቀው ክፍያ ነው የሚደገፈው። ክፍያውን ሁሉም ተማሪ ስለሚከፍል ገብቶ መጠቀም ልመና አይደለም።

3. አሲስት የሚባለውን፣ የትኛው የኮሌጅ ኮርስ ዩሲ ላይ እንደሚቆጠር የሚያሳየውን ድረ ገጽ ራስሽ ክፈቺ። ኮርሱ ለካምፓስሽም ለሜጀርሽም መቆጠሩን ሳታዪ አትመዝገቢ። ከኮሌጅሽ የሚላከው የመጨረሻ ትራንስክሪፕትሽም (የውጤት ወረቀትሽ) ዩሲ ጋ እስከ ጁላይ 1 ይድረስ።

እኔ ባለፈው ጁን ተመረቅሁ። የመጨረሻውን ዓመት እኔና ሌሎች ሁለት ሐበሾች ረቡዕ ረቡዕ ማታ እዚያችው ክፍል ቁጭ ብለን ለአዲስ ትራንስፈሮች ሰሌዳ ስናሰምር ነበር። የምትገቢበትን ካምፓስ ጻፊልኝ። ስትሄጂ ስላበሶችሽን አትመሽ ያዢ። ስልክ ላይ አይመችም፣ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ነው የሚያዩት።