ስለ ጣና ዳርቻ ጠይቁኝ፤ ስለ እምቦጭ ብቻ ግን አትጠይቁኝ

መላሽ፦ ከሃያ ዓመት በላይ የጣናን ዳርቻ በጀልባም በእግርም ስለካ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ረግረጉ፣ በውሃው ዳር ስለሚበቅለው ደንገል፣ ስለ ደቅና በዙሪያው ስላሉት ደሴቶች ጠይቁኝ። ስለ ሹመትና ስለ ጸጥታ አልመልስም። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላም መደጋገሜ አይቀርም፦ ውሃ የሸሸበት መሬት ባዶ መሬት አይደለም።

የባሕር ዳር ልጅ፦ ጋሼ፣ ይህ ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጭ፣ መቼ ይጠፋል?

መላሽ፦ አይጠፋም። ቀጥሎ።

የባሕር ዳር ልጅ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ስንት ዘመቻ የወጣንበትን ነገር «አይጠፋም» ብሎ ማለፍ ይቻላል?

መላሽ፦ ዘመቻው ክፉ ነው አልወጣኝም። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል፤ ስለዚህ ይቀነሳል እንጂ አይጠፋም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ መገጭ ወንዝ ከሐይቁ በሚገናኝበት አካባቢ ሲታይ ምግቡን አዘጋጅተን የጠበቅነው እኛው ነን። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ነው የሚቀልበው። ያን ፍሳሽ ዳር ላይ ይዞ የሚያስቀር ደንገል ነበር። እናንተ ደግሞ እምቦጩን ለመንቀል ስትገቡ ደንገሉን ረግጣችሁት ትወጣላችሁ። የነቀላችሁትንም ዳር ላይ ከምራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ክረምት ሲመጣ ውሃው መልሶ ይወስደዋል። ስለ እምቦጭ ይህ ይበቃል።

የደቅ ተወላጅ፦ ጋሼ፣ በእኛ በኩል ሽምብራ የሚዘራበት የዳርቻ መሬት በየዓመቱ ወደ ውሃው እየገፋ ነው። ቀበሌው «የወል ነው» ይላል፤ አራሹ «አባቴ ያረሰው ነው» ይላል። ማን ነው ልክ?

መላሽ፦ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። ሕጉን ካልክ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አራሹ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ውሃ ተመልሶ የሚተኛበት መሬት በማንም የግል ደብተር ውስጥ ሊገባ አይገባም። ግን እንዴት እንደሚገባ ልንገርህ፤ ደጋግሜ አይቸዋለሁ።

ጣና መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ እስከ ሰኔ ይሸሻል። ባሕር ሸሽ የምትሉት ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት አራሹ እርጥቡ ላይ ሽምብራ ወይም ጓያ ይበትናል፤ ማንም አይቆጣውም፣ እኔም አልቆጣውም። በሁለተኛው ዓመት ከብት እንዳይገባበት ደንገሉን አጭዶ አጥር ያደርገዋል። በሦስተኛው ውሃው እንዳይመለስበት ትንሽ እርከን ይክባል፣ ከእርከኑ ላይ ባሕር ዛፍ ይተክላል። ከዚያ አንድ ቀን መሬት ለኪ ሲመጣ ዛፍ ያለበት፣ አጥር ያለበት፣ ሦስት ምስክር የቆመለት «ይዞታ» ያገኛል። ለኪው ጉቦ በላ ማለቴ አይደለም፤ በጋ ላይ ስለመጣ ነው። በጋ ላይ ሁሉም ነገር መሬት ይመስላል።

አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ ውሃው የደረሰበት ጫፍ ላይ ችካል ተክዬ ነበር። በዓመቱ ስመለስ ችካሉን ያገኘሁት ሽምብራ ማሳ መሀል ነው፤ በውሃውና በእርሱ መካከል አርባ እርምጃ ያህል ነበር። ባለ ማሳው ችካሉ ላይ ገመድ አስሮ ጥጃ አቁሞበታል።

ሥራ ፈላጊ፦ ታዲያ ሰው ምን ይብላ? ወፍና ደንገል አይበላም። ሆቴል ሲሠራ ሥራ ይገኛል፣ መንገድ ይገባል። እናንተ ደግሞ ልማት በመጣ ቁጥር ረግረግ ትላላችሁ።

ከዳርቻው መንደር፦ ወንድሜ፣ እኛ ነገደ ወይጦ ነን፤ የምንበላው ከደንገል ነው። ታንኳ ከደንገል፣ ዓሣው ከታንኳ። ባሕር ዳር ላይ ሆቴል በተሠራ ቁጥር «ተነሡ» የተባልነው እኛ ነን። ሥራው ለማን ነው የተገኘው?

ሥራ ፈላጊ፦ እኔ ስለ እናንተ አላወራሁም። ስለ አጠቃላይ ልማት ነው።

ከዳርቻው መንደር፦ አጠቃላዩ ሁልጊዜ እኛ ደጃፍ ላይ ነው የሚያርፈው።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ሥራ ፈላጊው፣ ሆቴል አይሠራ አላልኩም። ገረገንቲ ደፍቶ ረግረጉን ከሚሞላ ሃምሳ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ ይሥራ፤ ፍሳሹንም አጣርቶ ይልቀቅ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ፤ ፕሮጀክቱ ሳይጀመር ነው የሚገመገመው፣ ግንቡ ከቆመ በኋላ አይደለም። ስለ ታንኳው ደግሞ ልጨምር። አንድ የታንኳ ሠሪ አዛውንት ዘንድ ቁጭ ብዬ ሲሠሩ አይቻለሁ። ደንገሉን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ወጋ እያደረጉ ውሃ የያዘውን ከደረቁ ይለያሉ። «ድሮ ከቤቴ ኋላ ነበር የማጭደው፤ አሁን ለአንድ ታንኳ ግማሽ ቀን እቀዝፋለሁ» አሉኝ። ታንኳ ደግሞ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ወራት እንጂ ዓመታት አይቆይም። ደንገሉ ሲርቅ ሙያው ይሞታል።

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ ያለን ወገኖች ብር አዋጥተን የእምቦጭ ማጨጃ ማሽን ብንልክስ?

መላሽ፦ ማሽን ጥልቅ ውሃ ይወዳል፤ እምቦጩ የሚከማቸው ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። መለዋወጫና ነዳጅ የሚችል ሰው ካላችሁ ላኩ። ስለ እምቦጭ ግን ይበቃል ብዬ ነበር።

መሐንዲሱ፦ ከደቅ ገበሬ ጋር ስትከራከሩ ትልቁን አታዩም። ዳርቻውን ያጠፋው የጨረጨራ ግድብና የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ነው። አራሹ የሚከተለው ውሃውን ነው።

መላሽ፦ ግማሹ እውነት ነው፤ እኔም ከዚህ ጉዳይ ጋር ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. ሲያልቅ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በበር የሚለካ ሆነ። በ1993 ዓ.ም. በሮች ተጨመሩ። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ሲያንስ ለጢስ ዓባይ ተርባይን የሚለቀቀው ግን አላነሰም፤ ሐይቁ እስከዚያ ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ በታች ወረደ። ከባሕር ዳር ደቅን ይዞ ጎርጎራ የሚሄደው መርከብ ቆመ። የደቅ ሰው ይህን ያስታውሳል። የፎገራና የደንቢያ ዳርቻ እንደ ትሪ ዝርግ ስለሆነ፣ ሐይቁ በቁመት ትንሽ ዝቅ ሲል ውሃው በጎን እጅግ ይርቃል። ያን ዓመት ተገልጦ የታረሰው መሬት ነው ኋላ «የአባቴ» የተባለው። በለስ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ፤ ውሃውን የሚወስደው በምዕራብ በኩል በዋሻ ነው። እኔም ማታ መብራቴን አበራለሁ፣ አልዋሽም። ጥያቄው ዝቅተኛው የውሃ ከፍታ ስንት ይሁን፣ ማንስ ይጠብቀው ነው።

ሌላው ግማሽ ግን እውነት አይደለም። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ አጥርና እርከን የጠበቀው ተርባይኑ ስላዘዘ አይደለም።

መሐንዲሱ፦ ስለዚህ በአመዛኙ ግድቡ ነው።

መላሽ፦ የጻፍኩትን አንብብ።

ጎብኚ፦ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች ይገባሉ?

መላሽ፦ አይገቡም። ደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴ ይገባሉ። ይህ ግን የጉብኝት ሰዓት አይደለም።

ዓሣ አስጋሪ፦ ዓሣ ለምን አነሰ?

መላሽ፦ ጥያቄህ ሰፊ ነው፤ የትኛው ዓሣ? ቀረሶ ነው? አምባዛ? ነጭ ዓሣ የምትሉት ወገን ከሆነ፣ ከደርዘን በላይ ዝርያ አለው፤ አብዛኛው ከጣና በቀር የትም የለም። ከፊሉ ክረምት ላይ ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣል። እናንተ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግታችሁ ትጠብቁታላችሁ። ያመለጠው ጫጩት የሚሸሸግበት ደንገል ከታጨደ ምን ቀረ?

ታዛቢ፦ ዩኔስኮ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ ብሎ፣ መዝግቧል። ታዲያ ለምን አያስቆምም?

መላሽ፦ ዩኔስኮ ቀበሌ የለውም።

ሌላ ታዛቢ፦ በሐይቁ ሰሜን ዳር ያለው የጎርጎራ መዝናኛ ፕሮጀክትስ? ጉዳት አለው?

መላሽ፦ «ጉዳት አለው» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ፍሳሹ የት ይሄዳል? የጀልባ ማቆሚያው የትኛውን ደንገል ነካ? እነዚህን ይዘህ ና።

የባሕር ዳር ልጅ፦ ጋሼ፣ እምቦጩን ለከብት መኖ ብናደርገውስ?

መላሽ፦ ስለ እምቦጭ ይበቃል ብያለሁ።

የደቅ ተወላጅ፦ ጋሼ፣ የእኔ ጥያቄ አላለቀም። ለኪው በጋ ላይ ከመጣ እኛ ምን እናድርግ?

መላሽ፦ እናንተ ጥቅምት ላይ ቅደሙት። ውሃው ከፍ ባለበት ሳምንት የቀበሌውን መሬት ኮሚቴ፣ ሽማግሌዎችንና የደብሩን አስተዳዳሪ ይዛችሁ ዳርቻውን ዙሩ። ማሳ ያለው አራሽ ራሱ አብሮ ይዙር፤ ሳይኖር የተጻፈበትን አይቀበልም። ውሃው የደረሰበትን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፣ ማኅተም ሳይመታበት አትለያዩ። ሽምብራውን ዝራ በሉት፤ አጥርና ዛፍ ግን ከዚያ መስመር በታች አይሁን። ችካል ብቻ ተክላችሁ አትመለሱ፤ ችካል ሌሊት ይሄዳል። ከደብሩ ቅጥር ወይም ከዋርካው እስከ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነ ጻፉ፤ ዋርካ አይነሣም።