ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ፊልም የሚያገኘው እንዴት ነው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የቪዲዮ ፈቃድ ላይ እንደምሠራ ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የቻልኩትን እነሆ። ሕጉና ዋጋው የአሜሪካ ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የራሴ የኔትፍሊክስ አካውንት አለኝ። ክፍል ውስጥ ከፍቼ ለተማሪዎቼ ባሳይስ?

ከሁሉም በላይ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። የቅጂ መብት ሕጉ አንቀጽ 110፣ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት በተገናኙበት ክፍል ፊልም ማሳየትን ይፈቅዳል። ችግሩ ያለው አካውንቱ ላይ ነው። ሲመዘገቡ "እስማማለሁ" ያሉት ውል ለግል ጥቅም ብቻ ይላል። ኔትፍሊክስ ከራሱ ዘጋቢ ፊልሞች አንዳንዶቹን ለትምህርት አንድ ጊዜ ማሳየት ይፈቅዳል፤ የተፈቀደ ከሆነ የፊልሙ ገጽ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ለቤተ መጻሕፍት ግን ደንበኝነት አይሸጥም። ፊልሙ እዚያ ብቻ ካለ፣ ገንዘብ ቢኖረንም ልንገዛልዎ አንችልም።

ጥያቄ፦ ዲቪዲው መደርደሪያችሁ ላይ ተቀምጧል። ለምን ራሳችሁ ኢንተርኔት ላይ አትጭኑልንም?

ዲቪዲ ስንገዛ ዕቃው የኛ ነው። ለፈለግነው ማዋስ እንችላለን፤ ማንንም አናስፈቅድም። ኢንተርኔት ላይ መጫን ግን ቅጂ መሥራት ነው፤ ለዚያ ሌላ መብት ያስፈልጋል። ቲች አክት የሚባለው የ2002 ሕግ ለርቀት ትምህርት በር ከፍቷል፤ ፊልም ሲሆን ግን የሚፈቅደው የተወሰነ ክፍሉን ብቻ ነው። በ2010 የትምህርት ቪዲዮ አቅራቢዎች ማኅበር ዩሲኤልኤ የተባለውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ጉዳይ ከሶት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ዲቪዲዎችን ቀድቶ ለተማሪዎቹ በኢንተርኔት ያሳይ ነበርና። ክሱ በ2012 ውድቅ ሆነ። ያም ሆኖ ፍርዱ ነገሩን ለሁሉም ሰው ቁርጥ አድርጎ አልዘጋውም። ስለዚህ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ይደፍራል፣ ሌላው ይፈራል። ሁለቱንም እረዳለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ፊልም ስንት ያወጣል? እናንተስ ገንዘቡን የምትከፍሉት ለምኑ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው።

ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው እንደ አሌክሳንደር ስትሪት ካሉ አቅራቢዎች በሺዎች የሚቆጠር ቪዲዮ ያለበትን ጥቅል በዓመት ክፍያ መያዝ ነው። ሁለተኛው ፊልሞችን አንድ በአንድ እየመረጡ ለአንድ ወይም ለሦስት ዓመት መከራየት ነው። የሆሊውድ ፊልሞችን በአብዛኛው እንዲህ የምናገኘው ስዋንክ ከሚባለው ድርጅት ነው። ሦስተኛው ተጠቃሚው ራሱ ሳያውቅ የሚገዛበት መንገድ ነው።

ይህን ሦስተኛውን ያስፋፋው በ2008 አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረው ካኖፒ የተባለ የፊልም ድረ ገጽ ነው። ሁሉም ፊልም ለተማሪው ክፍት ይሆናል። ቤተ መጻሕፍቱ መጀመሪያ አይከፍልም። አንድ ፊልም ከ30 ሰከንድ በላይ ለአራተኛ ጊዜ ሲታይ ግን የአንድ ዓመት ኪራይ በራሱ ይቆጠር ነበር። የተለመደው ዋጋ 150 ዶላር ነበር፤ ለሦስት ዓመት ደግሞ 350።

አስቡት እንግዲህ። አራት ተማሪዎች አንድን ፊልም ከፍተው ደቂቃ ሳይሞላ ቢዘጉት 150 ዶላር ሄደ። እኔ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት በእንዲህ ዓይነት አሠራር የዓመቱ በጀት ሴሚስተሩ ሳያልቅ ተሟጠጠ። ተማሪው አገልግሎቱን ስለወደደው ነው የከሰርነው! አሁን መምህር ሲጠይቅ ብቻ ነው የምንከፍተው። ይህ ልቤን ይሰብረዋል፤ ከትምህርቱ ውጭ ተዘዋውሮ ፊልም የሚያይ ተማሪ ደስ ይለኝ ነበርና። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ቢሆኑ አልቻሉትም። ካኖፒ እነሱን የሚያስከፍላቸው በታየ ቁጥር ነበር፤ የኒው ዮርክ፣ የብሩክሊንና የኩዊንስ ቤተ መጻሕፍት በ2019 አቋርጠዋል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሴሚስተር ያሳየሁት ፊልም ዘንድሮ የለም። ማን አጠፋው?

ኪራዩ አልቆ ይሆናል፤ ወይም አቅራቢው ራሱ መብቱን አጥቶ ይሆናል። የኔ የዕለት ሥራ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ፊልም መቼ እንደሚያበቃ እመዘግባለሁ፤ የሄደውን ከካታሎግ አወጣለሁ፤ የመጣውን አስገባለሁ። እባካችሁ መምህራን፣ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ከወር በፊት ዝርዝራችሁን ላኩልን። ሊንኩንም ከካታሎጉ ውሰዱ። ከአሳሹ አናት ላይ የተቀዳ ሊንክ ቤቱ ሆኖ ለሚከፍት ተማሪ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ የተማሪነቱን መለያ የሚጠይቀውን በር ይዘለዋልና።

የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ በላይ ነው። በፌብሯሪ 2025 የአሌክሳንደር ስትሪት ባለቤት የሆነው ክላሪቬት፣ ዲጂታል ስብስቦችንና መጻሕፍትን አንድ ጊዜ ከፍሎ ለዘለቄታው መግዛት ሊያስቀር መሆኑን አስታወቀ። ከቤተ መጻሕፍት ቁጣ ሲመጣበት ጊዜውን አራዘመ እንጂ ሐሳቡን አልተወም። ክፍያ ባቆምን ቀን መደርደሪያችን ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ፊልም ሠሪው ራሱ ፋይሉን ለዘለቄታው የሚሸጥልን ከሆነ ዋጋው ቢከብድም እሱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ መስማት የተሳናት ተማሪ አለችኝ።

ካፕሽን (ንግግሩን በጽሑፍ የሚያሳይ መስመር) የሌለው ቪዲዮ አንገዛም። ከመግዛታችን በፊት ከፍተን እናያለን፤ ማሽን የጻፈው ካፕሽን ስምና የሙያ ቃል ያበላሻል። በቆየ ፊልም ላይ ከጎደለ አቅራቢውን እንወጥራለን። ዛሬውኑ ይጻፉልን።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ዶላር የለንም፤ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። ከየት እንጀምር?

ወንድሜ፣ ከኪራይ አትጀምር። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ቪዲዮዎቹን ማንም በነፃ ያወርዳቸው ዘንድ ክፍት አድርጓል፤ ለንግድ አለመሆኑን፣ ምንጩ መጠቀሱንና ቀይሮ የሚያወጣም በዚሁ ፈቃድ ማውጣቱን ይጠይቃል። አውርዳችሁ በግቢው የውስጥ ኔትወርክ ላይ አስቀምጡት፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም ተማሪው ያያል። ቀጥሎ የአገር ውስጥ ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎችን አነጋግሩ። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 መብታቸውን ይጠብቃል፤ ስለዚህ በቃል አትስማሙ። አንድ ገጽ ውል ይበቃል፦ ፋይሉ ለኮሌጁ በቋሚነት እንደተሰጠ፣ በግቢ ውስጥ ብቻ እንደሚታይ፣ ፋይሉ ቢበላሽ ኮሌጁ ቅጂ መያዝ እንደሚችል። ይህቺን የመጨረሻዋን እንዳትረሳ።

ጥያቄ፦ የድሮ ቪኤችኤስ ካሴቶችስ?

ማጫወቻውን በመጨረሻ ሲያመርት የነበረው የጃፓን ፋብሪካ በ2016 አቁሟል። የአሜሪካው የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 108 እዚያ ላሉ ቤተ መጻሕፍት እየተበላሸ ያለ ካሴትን እንዲቀዱ ይፈቅዳል። መጀመሪያ ግን ያልተሠራበት አዲስ ምትክ በተገቢ ዋጋ ፈልገው ማጣት አለባቸው። ዲጂታል ቅጂውም ከቤተ መጻሕፍቱ ቅጥር አይወጣም። ካሴቶቹን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ አቁሟቸው። ሌላ ቦታ የማይገኙት የትኞቹ እንደሆኑ ዘንድሮ ለዩ፤ መቅዳቱ ከእነሱ ይጀምር።